የስለት ቃላት፦ የቢላዋ ብረት፣ ቅርጽና አሳሳል በአማርኛ

«ይህ ቢላዋ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ የመሣሪያ መመሪያ ትርጉም ውስጥ ቢገኝ አንባቢው ምን እንዲረዳ ነው? ብረቱ በሞረድ የማይፋቅ ነው ማለት ነው? ወይስ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ የማይሸረፍ? ወይስ ቢጫኑት የማይታጠፍ? ሦስቱም በተለምዶ «ጠንካራ» ይባላሉ፤ ነገር ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። እንዲያውም የመጀመሪያውና የሁለተኛው ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ናቸው። ሞረድ የማይነካው ብረት ሲመታ እንደ ሸክላ ይሸረፋል፤ ሲመታ የማይሸረፈው ደግሞ በሞረድ በቀላሉ ይበላል። ተርጓሚው ሁሉንም በአንድ ቃል ሲያልፋቸው ጉዳቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። መመሪያውን የሚያነበው ባለሙያ ብረቱን ከመጠን በላይ እንዲያደድር፣ ቢላዋውን የሚገዛውም ሰው አጥንት በማይችል ስለት አጥንት እንዲመታ ያደርጋል።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚሞክረው ነገር አንድ ነው። አማርኛ ስለ ስለት የሚናገርባቸውን ቃላት አላጣም፤ ቃላቱ ግን የሚገኙት ከቅጽሎች ይልቅ በግሦች ዘንድ ነው፤ ይልቁንም ስለት ሲበላሽ በሚነገሩት ግሦች ዘንድ። ስለቱ ምን እንደ ሆነ የሚናገር ሰው ብረቱ ምን ባሕርይ እንደ ጎደለው አብሮ ይናገራልና፣ ሙያዊ ቃል የሚያወጣ ሁሉ ከዚያ ቢነሣ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ለምሳሌነት የሚወሰዱት በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ናቸው። የተመረጡበትም ምክንያት የአገሩ አቀማመጥ ብዙ ዓይነት ስለት የሚያስይዝ በመሆኑ ነው። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ግርጌ የገብስና የድንች አገር አለ፤ ወረድ ሲሉ ጤፍና ስንዴ ይመጣል፤ በስማዳ በኩል ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ የማሽላ ቆላ ነው። የአንድ ገበሬ ቤት ማጭድ፣ ቢላዋ፣ ካራ፣ ምሳርና ምላጭ ይዞ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃላቱ ግን የዚያ አገር ብቻ አይደሉም፤ አብዛኞቹን የሸዋም፣ የጎጃምም፣ የወሎም ሰው ያውቃቸዋል።

«ሳለ» እና ዘመዶቹ

ከብረቱ አስቀድሞ ግሡን መመልከት ይገባል። በዛሬው አማርኛ «ሳለ» የሚለው ድምፅ ብዙ ሸክም አለበት። ሰው ቢላዋ ይስላል፤ ሥዕል ይሥላል፤ ጉንፋን ሲይዘው ሲስል ያድራል፤ ጭንቅ ሲደርስበትም ለታቦት ይሳላል። በአነጋገር አንድ የመሰሉት እነዚህ ግሦች በግእዝ አራት ነበሩ። «ሰሐለ» ስለት አወጣ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ፣ «ሰዐለ» ጉሮሮውን አሳለው፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። የጉሮሮ ድምፆች በአማርኛ እየጠፉ ስለ ሄዱና ሠ እና ሰ በድምፅ ስለ ተባበሩ አራቱም በአንድ ጉድጓድ ወደቁ። የመጀመሪያው ግሥ ጥንታዊ መልክ በታወቀ ስም ላይ ቀርቶልናል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል «ስሑል» መባላቸው የተሳለ፣ የሰላ ለማለት ነው።

ይህ መደባለቅ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ተራ ጉዳይ አይደለም። «ባለ ስለት» የሚለው ሐረግ በንግሥ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲሰማ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ይዞ የመጣ ምእመን ነው፤ በፖሊስ መዝገብ ላይ ሲገኝ ደግሞ ቢላዋ ነው። በእኛ አስተያየት ለሁለቱ ሁለት ዋና ቃል ሊከፈትላቸው፣ የልመናውም «ስእለት» ተብሎ በአ ሊጻፍ ይገባል። ፊደሉን መጠበቅ ጥቅም አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር ገና እልባት ባያገኝም፣ ቢያንስ በዚህ ቃል ላይ ጥቅሙ በግልጽ የሚታይ ይመስለናል።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ማስታወስ ደግ ነው። ግእዝ ለስል ነገር «በሊኅ» የሚል ቅጽል ነበረው። አማርኛ ይህን ሥር ከብረቱ አንሥቶ ለአእምሮ ብቻ አደረገው፤ «ብልኅ» እና «ብልኀት» ከዚያ የመጡ ናቸው። በአንጻሩ «ደነዝ» ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል፤ ቢላዋውም ሰውየውም ደነዝ ይባላሉ። «የሰላ ብዕር»፣ «የሰላ ትችት» የሚባለውም ከዚሁ መንገድ ነው። ዘይቤው ይህን ያህል ስለ ተስፋፋ፣ ቃሉ በብረት ላይ ሲነገር የሚይዘው ትክክለኛ ትርጉም በመዛግብት ውስጥ ሲሳሳ ይታያል።

ብረቱ

ስለት ሲጠፋ ምን ይባላል? ጠቅላላው ስም «ደነዘ» ወይም «ዶለዶመ» ነው። እነዚህ ግን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገሩም፤ አንዱን በሌላው መፍታትም አንባቢን ካለበት ፈቅ አያደርገውም። ምክንያቱን የሚናገሩት ሌሎች ግሦች ናቸው።

ስለቱ «ታጠፈ» ሲባል ብረቱ ለስላሳ ነው ማለት ነው። ቀጭኑ ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል፤ በዓይን ባይታይም ከጀርባ ወደ ጠርዝ በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲያብሱት በአንድ ወገን ይይዛል፣ በሌላው ያልፋል። «ተሸረፈ» ሲባል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብረቱ ድድር ሆኖ መቻል አቅቶታል፤ ከጠርዙ ላይ እንደ ሸራፋ ጥርስ ቁራጭ ወድቋል። «ተበላ» ሲባል ታጥፎም ተሸርፎም አይደለም፤ በሥራ ብዛት ጥቂት በጥቂት አልቋል። «ዛገ» ሲባል የበላው ሥራ ሳይሆን እርጥበትና አየር ነው፤ ሎሚና ቲማቲም የቆረጠ ቢላዋ ሳይታጠብ ሲያድር ጠርዙ ከመካከሉ ቀድሞ የሚጎዳው ቀጭኑ ክፍል ስለ ሆነ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ከአራቱ አራት የብረት ባሕርያት ይወጣሉ። አለመታጠፍን «ጥንካሬ» ብንለውና ይህን ቃል ለዚህ ብቻ ብንወስነው፣ በሌላ ነገር አለመጫርን «ድድርነት»፣ ምትን ተቀብሎ አለመሸረፍን «ቻይነት»፣ አለመዛግን እንደ ተለመደው «አይዛጌነት» ብንል የሦስቱ «ጠንካራዎች» ጠብ ይበርዳል። መበላትን የሚቃወመው በአብዛኛው ድድርነት ስለ ሆነ ሌላ ስም አይሻም፤ «የስለት ዕድሜ» ማለት ይበቃዋል። «ቻይ» ለሰው ሲነገር የቆየ ቃል ነው፤ ክፉ ነገር ደርሶበት ያልተሰበረ ሰው ቻይ ይባላል። ለብረት ቢነገር ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ቃል ማግኘት ያዳግታል። ከግእዝ ተዋቅሮ የሚመጣ ረጅም ጥምር ቃል ባለሙያው አፍ ላይ እንደማይቆይ ደጋግመን አይተናል።

የድድርነትና የቻይነትን ጠብ በአንድ ዕቃ ለማየት የፈለገ ባልጩትን ይመልከት። ባልጩት ሲፈለጥ የሚወጣው ጠርዝ ከብዙ የብረት ስለት ይልቅ ስል ነው፤ ነገር ግን አጥንት ሲነካ ይሸረፋል። ድድርነቱ ሙሉ፣ ቻይነቱ ባዶ ነው። በሌላው ጫፍ ያልደደረ የግንባታ ብረት አለ፤ ቢቀጠቅጡት አይሰበርም፤ ስለት ግን አይዝም። የቢላዋ ብረት በሁለቱ መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው።

ይህን ስምምነት የሚያስገኘው ከብረቱ ጋር የተዋሐደው ካርቦን ነው። ለዚህ ዓይነቱ ብረት «አረብ ብረት» የሚል ስም በአማርኛ አለ፤ ባለሙያው ግን አይጠቀምበትም፤ ሁሉንም ብረት ይለዋል። ይህ ማለት አይለይም ማለት አይደለም። የሚለየው ብረቱ ከምን ዕቃ እንደ ተገኘ በመናገር ነው። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚወስደው በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው መንገድ በደብረ ታቦርና በጋይንቷ ነፋስ መውጫ ያልፋል። ከባድ መኪና በሚመላለስበት መንገድ ዳር የተሰበረ ባሌስትራ አይጠፋም፤ በኢትዮጵያም ባለእጆች ዘንድ ባሌስትራ የታወቀ የቢላዋና የምሳር ጥሬ ዕቃ ነው። ካርቦኑ ከመቶ 0.5 እስከ 0.6 ግድም ስለሚደርስ ይደድራል፤ ሆኖም እጅግ ስላልበዛ ቻይ ነው። ለቤት ግንባታ የሚውለው ፌሮ ካርቦኑ ከመቶ 0.2 ወይም 0.3 ግድም ስለ ሆነ እምብዛም አይደድርም። ላሜራም እንደዚሁ ነው። ያረጀ ሞረድ ከመቶ 1 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካርቦን አለው፤ በጣም ይደድራል፤ ካላለዘቡት ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የኩሽኔታ ቀለበትም ከመቶ 1 ያህል ካርቦንና 1.5 ያህል ክሮሚየም ይዞ ከሞረዱ ጋር ይቀራረባል።

ከዚህ ላይ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ልብ እንዲሉት የምንሻው ነገር አለ። ባሌስትራ፣ ፌሮ፣ ላሜራና ኩሽኔታ ከጣሊያንኛ የገቡ የዕቃ ስሞች ናቸው። በቀጥቃጩ አፍ ግን ከዚያ አልፈው የብረት ደረጃ ስሞች ሆነዋል። «የባሌስትራ ቢላዋ» ማለት ከመኪና ዕቃ የተሠራ ማለት ብቻ ሳይሆን ስለት የሚይዝ ማለት ነው፤ «የላሜራ ቢላዋ» ማለትም የሚታጠፍ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛ ፍች በመዝገበ ቃላት ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በፋብሪካ በቁጥርና በፊደል የሚጠራውን የብረት ዓይነት ሕዝቡ በራሱ መንገድ ስም ሰጥቶታልና።

ጥሬ ዕቃው ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ባለእጁ ብረቱን በወናፍና በከሰል ያግለዋል፤ በመስፍ ላይ ቀጥቅጦ ቅርጽ ያስይዘዋል፤ በመጨረሻም አግሎ በውሃ ወይም በዘይት ይነክረዋል። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ለመደደር የሚያስፈልገው ሙቀት ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ቀጥቃጩ ይህን የሚያውቀው በቀለም ነው፤ ስለዚህም ጥላ ይመርጣል፤ በፀሐይ ቀይ ፍሙን ብርሃኑ ይሰርቅበታልና። በድንገት ሲነከር ካርቦኑ ከብረቱ መካከል ሳይወጣ ይታሰራል፤ ብረቱም ይደድራል። በዚያው ቢተው ግን ይሸረፋል። ስለዚህ ዳግመኛ በመጠኑ ይሞቃል። የተወለወለው ገጽ በመጀመሪያ የገለባ ቀለም ሲይዝ ወደ 220 ወይም 230 ዲግሪ ደርሷል፤ ቡናማ ሲሆን 260 ግድም፤ ሐምራዊ ሲሆን 280፤ ሰማያዊ ሲሆን 300 ያህል። ምላጭና ቢላዋ በገለባው ቀለም ላይ ይቆማሉ፤ ምት የሚቀበል ምሳር ወደ ሐምራዊው ይጠጋል።

የመጀመሪያውን ሥራ «ማደደር»፣ ሁለተኛውን «ማለዘብ» ማለት ይበቃል። «አለዘበ» ለቆዳም ለድምፅም የሚነገር ቃል ነው፤ «ለዘብተኛ» የሚለውን የፖለቲካ ቃል የወለደውም እርሱ ነው። ሁለተኛውን ሥራ «ማለስለስ» ብሎ መተርጎም ግን ስሕተት ነው። የለሰለሰ ብረት ድድርነቱን ሁሉ የጣለ ነው፤ የለዘበው ድድርነቱን በአብዛኛው ይዞ ቁጣውን ብቻ የጣለ ነው። ለስላሳና ለዘብተኛ ሰው አንድ እንዳይደሉ ሁሉ።

እንዲህ ያሉት የሙያ ቃላት በመዛግብቶቻችን ውስጥ የሳሱት ለምንድን ነው? ከቀጥቃጩ አፍ የሚለቅም አልነበረማ። በጎንደር አገር ብረት መቀጥቀጥ ለብዙ ዘመን ከቤተ እስራኤል ጋር የተያያዘ ሙያ ነበር፤ ባለእጁንም «ቡዳ» እያሉ መሸሽ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ የስድቡ ልማድ ግን በአዋጅ አልጠፋም። ቃሉ ራሱ ስድብ በሆነበት አገር የቃላት ዝርዝሩን ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሊቅ እንዴት ይገኛል! በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ከነሐስ የቀለጠ መድፍ ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል እየተጎተተ ወደ መቅደላ ማለፉ በታሪክ ተጽፏል። የዚያን መንገድ ገበሬ ማጭድ የሠራው እጅ ግን ምን ብሎ ምን እንደ ሠራ የሚናገር ጽሑፍ አላገኘም። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎችና ከዚያም ወዲህ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ፣ የዚህን ሙያ አማርኛ መሰብሰብ የሚሻ የቋንቋ ሊቅ ከጎንደር ገጠር ሌላ በዚያ ያሉትን አረጋውያን መጠየቅ ይኖርበታል። ጊዜውም አጭር ነው።

ቅርጹ

ስል መሆንና መቁረጥ አንድ አይደሉም። ይህን ለመረዳት አንድ ትልቅ ዱባ በቂ ነው። ጀርባው የወፈረ ገጀራ እንደ ምላጭ ቢሳልም ዱባው መካከል ሲደርስ ይቀረቀራል፤ ስስ የወጥ ቤት ቢላዋ ግን ስለቱ የዛለ እንኳ ቢሆን ያልፋል። ገጀራውን የያዘው ስለቱ አይደለም፤ ከስለቱ ኋላ ያለው ውፍረት ነው። ቢላዋ ሽብልቅ ነው፤ ሲገባ ዱባውን ግራና ቀኝ መግፋት አለበት፤ የወፈረ ብዙ ይገፋል። አማርኛ «ስል» እና «ስስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለያይቶ መያዙ ትልቅ ሀብት ነው። የመጀመሪያው የጠርዙን ጫፍ ይመለከታል፤ ጫፉ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ባነሰ ስፋት ሲገናኝ ቢላዋው ስል ነው። ሁለተኛው የሰውነቱን መሳሳት ይመለከታል። ተርጓሚ ሁለቱን ቢያደባልቅ ለገዥው ከንቱ ምክር ይሰጣል፤ ስስነት የጎደለውን ቢላዋ ቢስሉት ቢስሉት ዱባ አይቆርጥምና።

ሁለቱ የስለት ገጾች ሲገናኙ የሚሠሩትን «የስለት ማዕዘን» ማለት ይቻላል። የምላጭ ማዕዘን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ የወጥ ቤት ቢላዋ ከ30 እስከ 40፤ እንጨት የሚፈልጥ ምሳር ከ40 እስከ 60። ማዕዘኑ ሲጠብ ስለቱ በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን የሚደግፈው ብረት ያንሳል። ብረቱ ድድርና ቻይ ሆኖ ካልተገኘ ጠባብ ማዕዘን ወይ ይታጠፋል ወይ ይሸረፋል። ስለዚህ የብረትና የቅርጽ ነገር ተለያይቶ አይነገርም፤ በፌሮ ቢላዋ ላይ የምላጭ ማዕዘን ማውጣት ልፋት ነው።

ቅርጽ ለምን እንደሚለያይ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ቅርጫ ነው። ለፋሲካ ወይም ለገና አንድ በሬ ተጥሎ ሥጋው በመደብ እስኪከፋፈል ድረስ ያሉትን ግሦች እንቁጠር። ይታረዳል፣ ይገፈፋል፣ ይበለታል፣ ይዘለዘላል፣ ይከተፋል። በሌላ ቋንቋ «መቁረጥ» በሚለው ጥላ ሥር ሊጠቃለል የሚችለው ሥራ በአማርኛ አምስት ስም አለው፤ እያንዳንዱም የራሱን ቅርጽ ይጠይቃል። ለማረድ ረጅምና ስል ካራ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ተስቦ እንዲጨርስ። ለመገፈፍ ሆዱ ወደ ውጭ የጎበጠና ጫፉ ያልሾለ ቢላዋ ይመረጣል፤ ሹል ጫፍ ቆዳ ይበሳል፤ የተበሳ ቆዳ ደግሞ በገበያ ዋጋው ይወድቃል። በሀገራችን ቆዳ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት አንዱ ይህ የገፈፋ ጉዳት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ለመበለት አጭርና ጠባብ ሆኖ ከመገጣጠሚያ መካከል የሚገባ ይሻላል፤ በላቹ አጥንቱን አይቆርጥም፤ ጅማቱን ፈልጎ ይፈታል እንጂ። ለቋንጣ የሚዘለዝል ሰው ረጅምና ስስ ቢላዋ ይይዛል። ለመክተፍ ደግሞ ክብደት ይፈለጋል፤ እጅ እንዳይደክም ቢላዋው ራሱ ይወድቅ ዘንድ።

ከእነዚህ ጋር «ገዘገዘ» የሚለው ግሥ ይገኛል። ደነዝ ቢላዋ ይገዘግዛል እንጂ አይቆርጥም ይባላል። ይሁን እንጂ መገዝገዝ የደነዝነት ምልክት ብቻ አይደለም። ስለት ሥጋ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚጫን ይልቅ እየተሳበ ሲሄድ የሚጠይቀው ኀይል ያንሳል፤ ለስላሳው ነገር ከመጨፍለቁ በፊት ይከፈላልና። ቲማቲም ተጭነው ሲቆርጡት ይፈርጣል፤ ስበው ሲቆርጡት አይፈርጥም። ስለዚህ «ሳብ አድርጎ መቁረጥ» እና «መገዝገዝ» በፍቺ ሊለዩ ይገባል፤ የመጀመሪያው ብልኀት ነው፣ ሁለተኛው የስለት ጉድለት።

ማጭድ የራሱ ነገር አለው። መጉበጡ አገዳውን ሰብስቦ ወደ ስለቱ ያመጣል፤ ሲሳብም ስለቱ በአገዳው ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። ማጭድ ቶሎ የሚበላውም ያለ ምክንያት አይደለም። የገብስም፣ የስንዴም፣ የጤፍም አገዳ ሲሊካ በውስጡ አለ፤ ይህም ለስላሳ ብረትን የሚጭር ማዕድን ነው። አጫጁ በእያንዳንዱ ጭብጥ ስለቱን በደቃቅ አሸዋ እንደሚያሽ ይቆጠራል። ጥርስ ያለው ማጭድ ጥርሶቹ እስኪያልቁ መያዙን አያቆምም፤ ጥርስ የሌለው ግን ቶሎ ቶሎ መሳል አለበት።

አሳሳሉ

መሳል ማለት መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ከብረቱ ተፍቆ የሚሄደው ነው ሁለቱን ገጾች እንደገና የሚያገናኛቸው። እንግዲህ መሳያው ከሚሳለው ይልቅ ድድር መሆን ይኖርበታል። ጉና የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ የዙሪያውም ድንጋይ በአብዛኛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የዚህ ድንጋይ ማዕድናት ለስላሳ ብረትን ይፍቃሉ፤ በደንብ የደደረ ብረት ግን ከእነርሱ ጋር ስለሚተካከል ወይም ስለሚበልጥ ይንሸራተትባቸዋል። የአሸዋ ድንጋይ ኳርትዝ ስላለው የደደረውንም ይፍቃል። «ይህ ቢላዋ በድንጋይ አይሳልም» የሚል ሰው ሲሰማ እንግዲህ ብረቱን ከመውቀስ በፊት ድንጋዩን መጠየቅ ነው። ሞረድም እንዲሁ ነው፤ በባሌስትራ ላይ ይሠራል፤ በሌላ ሞረድ ላይ ግን ይንሸራተታል። ሞረድ መያዝ አለመያዙ የድድርነት ጥሩ መለኪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዱ ገጽ ሲፋቅ በተቃራኒው ወገን ቀጭን የብረት ቅርፊት ይወጣል። ይህ ቅርፊት ሲዳሰስ ስል ይመስላል፤ ብዙ ሰውም እዚያ ላይ ያቆማል። ስለት ግን አይደለም፤ በመጀመሪያው ሽንኩርት ላይ ይታጠፋል። በደቃቅ ድንጋይ ቀለል አድርጎ እየገለበጡ መሳል፣ ከዚያም በቆዳ ወይም በጠፍር ላይ ከስለቱ ወደ ጀርባው አቅጣጫ ማሸት ያስወግደዋል። ለቅርፊቱ በቋንቋችን የጸና ስም እስኪገኝ «የስለት ቅርፊት» ብሎ መግለጽ ይሻላል እንጂ ባዕድ ቃል ማስገባት አያስፈልግም።

በከተሞች በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ የመሳል ልማድ ተስፋፍቷል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷልና በዚያ ቦታ ያለው ብረት ለዝቦ ከሚፈለገው አልፏል። ባለቤቱ «ድሮ ስለት ይይዝ ነበር፣ አሁን እምቢ አለ» ሲል የሚናገረው ይህን ነው። ስለቱ ተሳለ፤ ብረቱ ግን ድድርነቱን ተገፈፈ። ውሃ እያስነኩ መሳል ይህን ያስቀራል።

ይህን ሁሉ ወደ መዝገበ ቃላት ስንመልሰው «ስል» በእኛ አስተያየት እንዲህ ቢፈታ ይበጃል፦ ሁለት ገጾቹ በጠባብ ጠርዝ የተገናኙ፣ በትንሽ ኀይል የሚቆርጥ፤ ተቃራኒው ደነዝ። «ስስ» ደግሞ፦ ከጠርዙ ኋላ ያለው ሰውነቱ ያልወፈረ፤ ተቃራኒው ወፍራም። ከሁለቱ የሚለየው ሦስተኛው «ሹል» ነው፤ ጫፉ እየጠበበ ሄዶ በነጥብ ያለቀ፣ የሚወጋ፤ ተቃራኒው ዱልዱም። «ዱልዱም» ለጠርዝም ስለሚነገር ሁለት ፍች ያስፈልገዋል። ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለስልና ለሹል አንድ ቃል ስላላቸው፣ ከእነርሱ የሚተረጉም ሰው መርፌን ስል፣ ምላጭን ሹል ሊያደርግ ይችላል። በወጥ ቤት ይህ ያስቃል፤ በሐኪም ማስረጃና በፍርድ ቤት መዝገብ ግን አያስቅም። በስለት የተቆረጠ ቁስልና በሹል ነገር የተወጋ ቁስል በጥልቀትም፣ በአደጋም፣ በሚያስረዱት የአድራጎት ሁኔታም ይለያያሉ። ስለዚህ መሣሪያው ስለት ብቻ ካለው «ስለት ያለው»፣ ጫፍ ብቻ ካለው «ሹል»፣ እንደ ጩቤ ሁለቱንም ከያዘ «ሹልና ስል» ተብሎ ሁለቱም ይጻፍለት።